ሰውን ሳይጠይቁ ስለ ሰው ማጥናት ይገባልን?

አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ የተናገረውን የሰማ ሁሉ ቢደግመው ማንም አይከሰውም። እንግዲያው አንድ ሰው ከመቶ ሃያ የሚበልጡ ጓደኞቹ በሚያነቡት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የጻፈውን፣ ከእነዚያው ጓደኞቹ አንዱ ወስዶ ለኮሌጅ ጥናት ቢጠቀምበት በደል ነውን? ወይስ ብዙ ሰው ያየው ነገር የሁሉ ነውና ማንም እንደ ፈለገ ሊያደርገው ይችላል? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ገልብጠን አላመጣነውም። እኛው አድርገነው፣ እኛው ተጠይቀንበት፣ እስከ ዛሬም በመካከላችን ሙሉ ስምምነት ያላገኘንበት ጉዳይ ስለ ሆነ ነው በዚህች ትንሽ መጽሔታችን ልናወያያችሁ የወደድነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን የምንጽፍላችሁ ሦስታችን የዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ስንሆን፣ በአንድ ኮሌጅም አብረን እንማር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኢንተርኔት በኅብረተሰብ ኑሮ ላይ ስላመጣው ለውጥ የሚያስተምር አንድ ኮርስ ወሰድን። ትምህርቱ ይጥም ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሁለት ኮምፒዩተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በመስመር ሲገናኙ አንድ ቃል ለመላክ ተሞክሮ ሁለት ፊደል ብቻ እንደ ደረሰና ማሽኑ ቀጥ እንዳለ ስንሰማ ሳቅን። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ሲገባ እኛ ገና አልተወለድንም ነበርና፣ ያለ ኢንተርኔት ሰው እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ከወላጆቻችን አፍ ብቻ የምናውቅ ልጆች ነን። ስለዚህም ስለዚህ ነገር የሚጠና ጥናት ሁሉ ስለ ራሳችን የሚጠና ይመስለን ነበር።

በሴሚስተሩ መጨረሻ መምህራችን በቡድን ከፋፍለውን «የምታውቁትን አንድ ማኅበር መርጣችሁ ኢንተርኔት አኗኗሩን እንዴት እንደ ለወጠው አጥኑ» አሉን። እኛ የምናውቀው ማኅበር ይኸው የእናንተ ማኅበር ነው። ሌላ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ መለመን፣ መጠይቅ ማባዛት፣ ቀጠሮ ጠብቆ መመላለስ አድካሚ መስሎ ታየን። የወጣቶቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ግን በኪሳችን ነበረ። ቴሌግራም በኮምፒዩተር ሲከፈት የአንድን ግሩፕ መልእክት በሙሉ፣ የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት ሳያስቀር፣ አውጥቶ በፋይል የሚያስቀምጥ ትእዛዝ አለው። ያን አዘዝነው። የአሥራ አራት ወር ጨዋታ፣ ማስታወቂያ፣ መዝሙር፣ ቀልድ፣ የልደት ምኞትና የሐዘን መግለጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወረደልን። ከሦስታችንም አንዱ የክፍሉ ጸሐፊ ስለ ነበረ የእሑድ ጉባኤ የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ በእጁ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አነጻጸርናቸው።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ኅሊናችን ፈጽሞ አልቆረቆረንም። እንዲያውም ጠንቃቆች ነን ብለን እናስብ ነበር። የሰዎቹን ስም በሙሉ አውጥተን በቁጥር ተካነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን። ከዚያ ማን ስንት ጊዜ እንደ ጻፈ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጻፈ፣ ስንት እሑድ እንደ መጣና እንደ ቀረ ቆጠርን። ውጤቱም እንደ ተመኘነው ሆነልን። በግሩፑ ብዙ ከሚጽፉት አንዳንዶቹ በእሑዱ ጉባኤ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተገኙ ሆኑ። ከሁሉም ጎልታ የወጣችው ተሳታፊ ቁጥር 7 ነበረች። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት እሑድ ብቻ ነበር የመጣችው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ያለማቋረጥ ትጽፍ ነበር። እኛም በአካል መገናኘትን ትቶ በስልክ መገናኘትን ስለ መረጠው ትውልድ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍንባት። ከጻፈቻቸውም መልእክቶች አንዱን ቃል በቃል አስገባን፤ ንግግራችንን ያሳምርልናል ብለን ነው። መምህራችን አመሰገኑን፤ «ኤ» አገኘን። ወረቀታችንም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ምሳሌ ይሁን ተብሎ በክፍሉ ተቀመጠ።

በተከታዩ ዓመት ያንን ወረቀት ካነበቡት ተማሪዎች አንዷ የእኅታችን የአክስቷ ልጅ ሆነች። ስም አልነበረውም፤ ግን ምን ስም ያስፈልገዋል? አነጋገሯን ለይታ አወቀችው።

አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ እኅታችን ሦስታችንን ጠርታ «ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ አይደል?» አለችን። መልስ አልነበረንም። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። እናቷ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ከዓመት በላይ እንደ ሆናቸው ነገረችን። ቀን ቀን ታላቅ እኅቷ ታስታምማለች፤ ሌሊቱ የእርሷ ተራ ነው። እሑድ ጧት ስታስታምም አድራ የምትተኛበት ሰዓት ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የምትጽፈውም እናቷን እንቅልፍ የሚወስዳቸው ያን ጊዜ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሳንቀንስና ሳንጨምር እናስቀምጠዋለን፤ «እሑድ ለምን እንደ ቀረሁ አንዳችሁም ደውላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ስልክ ቁጥሬ ግን እናንተው ዘንድ ነበረ።»

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቁጥሮቻችን ሁሉ ትክክል ነበሩ። ሁለት እሑድ ብቻ መምጣቷ እውነት ነው፤ ሌሊት መጻፏም እውነት ነው። ከእነዚህ እውነቶች ያወጣነው ነገር ግን ሐሰት ነበር። ስልኩ እኅታችንን ከማኅበሩ አላራቃትም፤ ከማኅበሩ ጋር የቀረላት አንድ በር እርሱ ነበር። ይህንንም ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር። በቋንቋችን ያላወቁትን ለማወቅ ሰውን ማናገርም፣ የታመመን ሰው ቤቱ ሄዶ ማየትም «መጠየቅ» ይባላል። እኛ በሁለቱም መንገድ አልጠየቅንም። መጀመሪያ ጥፋታችን ሁለት መስሎን ነበር፤ አንዱ የጥናት ስሕተት፣ ሌላው የምግባር ስሕተት። ደግመን ስናስበው ግን ሁለቱን መለየት አቃተን። ባለመጠየቃችን በደልናት፤ ባለመጠየቃችንም ሳናውቃት ቀረን።

በዚያው ኮርስ ስለ አንድ ታዋቂ ጥናት ተምረን ነበር፤ ያን ጊዜ ለፈተና ብቻ አጥንተነው አልፈን ነበርና አሁን ተመልሰን አነበብነው። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ክራውትና ጓደኞቻቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት ወደ ሰው ቤት መግባት ሲጀምር 73 ቤተሰቦችን መርጠው ኮምፒዩተርና መስመር በነጻ ሰጧቸው። በእነዚህ ቤቶች ያሉ 169 ሰዎች አጠቃቀማቸው እንዲመዘገብ ፈቅደው መጠይቅም ይሞሉ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስደነገጠ። ኢንተርኔትን አብዝተው የተጠቀሙት ከቤተሰባቸው ጋር የሚነጋገሩት በጥቂቱ እንደ ቀነሰ፣ ብቸኝነታቸውም በጥቂቱ እንደ ጨመረ ተጻፈ። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። ወደዚያው ወደ ቀድሞዎቹ ሰዎች ተመልሰው ሄደው ጠየቋቸው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍም ያ ክፉ ውጤት በአብዛኛው እንደ ጠፋ ራሳቸው መሰከሩ። በሌሎች አዲስ ተጠቃሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ተጫዋች የሆነውና ደጋፊ ወዳጅ ያለው ሰው በኢንተርኔት ይበልጥ ሲጠቀም፣ ዓይን አፋሩና ብቸኛው እምብዛም እንዳልተጠቀመ አገኙ። እኛን የነካን ግን ከውጤቱ ይልቅ አካሄዳቸው ነው። የሚጠኑት ሰዎች እንደሚጠኑ ያውቁ ነበር፤ በራቸውም ዳግመኛ ለመንኳኳት ክፍት ነበር። እኛ ቁጥር ሰባትን ዳግመኛ እንጠይቅሽ እንዳንላት፣ መጀመሪያውኑ አልጠየቅናትም።

ምናልባት «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ባለማወቅ ነው» የሚለን ይኖራል። ይህ ግን አያስጥለንም። የታላላቅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም እንደኛው አድርገዋልና። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ 1,700 የሚጠጉ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎችን የፌስቡክ ገጾች ሰብስበው፣ ስም አውጥተው፣ የኮሌጁንም ስም ደብቀው፣ ሌሎች አጥኚዎች እንዲጠቀሙበት አወጡት። ብዙም ሳይቆይ ማይክል ዚመር የተባሉ ምሁር፣ መረጃው ሲወጣ አብሮ የተሰጠውን ማብራሪያና በይፋ የተነገረውን እያገጣጠሙ፣ ኮሌጁ ሃርቫርድ እንደ ሆነ ደረሱበት። ኮሌጁ ከታወቀ ደግሞ ሰውን መለየት ሩቅ አይደለም፤ ከአንዳንድ አገር የመጣ ተማሪ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ብቻ ነበርና። መረጃው ከተሰጠበት ቦታ ተነሣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነገጠን አንድ ነጥብ አለ። ገጾቹን የሰበሰቡት ረዳቶች የዚያው ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ ለጓደኞቼና ለትምህርት ቤቴ ሰዎች ብቻ ብሎ የተወውን ነገር እነርሱ ሊያዩት ይችሉ ነበር። ለጓደኛ የተከፈተ በር ለአጥኚ ተከፈተ ማለት ነው። ከእኛ ሥራ በምን ይለያል? እኛም ወደ ግሩፑ የገባነው ወንድሞች ተብለን ነው።

ስምን በቁጥር መተካት መጋረጃ እንደማይሆን ከዚያም በፊት ታይቶ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ኦንላይን የተባለው ኩባንያ 650,000 ያህል ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የፈለጉትን፣ 20 ሚሊዮን የሚሆን ጥያቄ ለአጥኚዎች ይጠቅማል ብሎ፣ ስሙን በቁጥር ቀይሮ አወጣ። ጋዜጠኞች ከቁጥሮቹ አንዱን ይዘው ጥቂት ቀን ፈልገው የአንዲት አረጋዊት ሴት ቤት ደረሱ። ሰው የሚጠይቀው ነገር ራሱ ስሙ ነው።

ከሦስታችን አንዱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ሐሳቡንም እዚህ እንድናስቀምጥለት ጠይቋል። እርሱ የሚለው እንዲህ ነው። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አነጋገሩን ያሳምራል፤ ነግረኸው ካጠናኸው የምታገኘው የእሑድ ልብሱን ለብሶ ነው። እውነተኛውን ኑሮ ማወቅ ከተፈለገ ሳያውቁ ማየት ግድ ነው። ደግሞም ጥናት ለብዙዎች ይጠቅማል፤ ለአንድ ሰው ቅሬታ ሲባል የብዙዎች ጥቅም ይቅርን? ይላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሳይታይ የሚያይ ሰው አንዳንድ እውነት ማግኘቱን አንክድም።

ነገር ግን ክርክሩ ወዴት እንደሚያደርስ ተመልከቱ። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ለአንድ ሳምንት ያህል የ689,003 ሰዎችን ገጽ እየነካካ፣ ለአንዳንዱ የደስታ ቃል ያለበትን፣ ለሌላው የሐዘን ቃል ያለበትን የወዳጅ ጽሑፍ እየቀነሰ፣ ሰዎቹ መልሰው ምን እንደሚጽፉ ተመለከተ። ከዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር የተዘጋጀው ጽሑፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከሰዎቹ ማንም ለይቶ እንዳልተጠየቀ ታወቀ፤ ያሳተመው የሳይንስ መጽሔትም ስለ አካሄዱ ስጋቱን በጽሑፍ ለመግለጥ ተገደደ። የተገኘው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ሰዎች መካከል በዚያ ሳምንት የከፋው ሰው አልነበረም ብሎ ማን ይምላል? የብዙዎች ጥቅም የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የከፋም ታሪክ አለው። በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከተማ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሠራተኞች ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የቂጥኝ በሽታ ያለባቸውን ጥቁር ሰዎች እውነቱን ሳይነግሩ፣ መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላም ሳይሰጧቸው፣ በሽታው የሚያደርሰውን ያጠኑ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበርን ከጥናት ሕጎች ፊት ያስቀመጠው ይህን የመሰለ ነገር ከታየ በኋላ ነው። የእኛን የኮሌጅ ወረቀት ከተስኪጊ ጋር አናስተካክልም፤ ያ ዐመፅ ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ምክንያት ግን አንድ ዓይነት ነው። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ አልተሸነፈም፤ ለጊዜው ዝም አለ እንጂ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ብዙ ሰው ያየው ነገር የሁሉ ነውን? ለዚህ የሩቅ አገር ምሁር ከመጥራት ለቅሶ ቤታችንን ማየት ይሻላል። የለቅሶ ድንኳን በር የለውም። የሚያውቅም የማያውቅም ይገባል፤ መንገደኛም ቢሆን ገብቶ ቢቀመጥ ማን ነህ የሚለው የለም። ሐዘንተኛዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደረቷን እየደቃች የልቧን ትናገራለች፤ ከባሏ ጋር የተጣላችበትን ቀን፣ ለልጇ ያልገዛችለትን ጫማ ሳይቀር። ሁሉም ይሰማል። አልቃሽም ደግማው ታለቅስበታለች። ነገር ግን አንድ ሰው ከጥግ ተቀምጦ ደብተር አውጥቶ፣ ይህች ሴት ስንት ጊዜ ጮኸች፣ በስንት ሰዓት ጮኸች እያለ ቢጽፍ ምን እንለዋለን? በአደባባይ የተነገረ ነው ቢለንስ እንቀበለዋለን? ድንኳኑ የተከፈተው ላዛኝ ነው፤ አልቃሿም የምትደግመው ከሐዘንተኛዋ ጋር ሆና ነው። ክፍት መሆኑ ለምን እንደ ተከፈተ ሳናስብ እንድንገባ አይፈቅድልንም። ሌሊት ሌሊት እናቷን የምታስታምም ልጅ ለመቶ ሃያ ጓደኞቿ ስትጽፍ፣ እንዲህ ያለ ድንኳን ነበር የከፈተችልን።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። እኅታችን ወደ እኛ የመጣችው ግን አዋጅ ይዛ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ጥቂት ነው። ወደ መምህራችን ሄደን ነገሩን ሁሉ አስረዳን። እርሳቸውም አዝነው ወረቀቱን ከምሳሌዎቹ መካከል አውጥተው መለሱልን፤ ውጤቱ ግን አንድ ጊዜ ገብቷልና አይነካም አሉ። ስለዚህ «ኤ»ው እስከ አሁን በስማችን አለ። ፋይሉን ከኮምፒዩተራችን አጠፋን፤ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያነሣው ተማሪ ስንት እንደ ሆነ ግን ልናውቅ አንችልም። ጸሐፊ የነበረው ወንድማችንም የስም መዝገቡን ለሌላ አባል አስረክቧል። እኅታችን ከግሩፑ አልወጣችም፤ ነገር ግን ሌሊት መጻፍ ትታለች። ይህን ያስተዋላችሁ ካላችሁ ምክንያቱ እኛ ነን።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠታችን በፊት ለእርሷ አነበብንላት። ስሟን ባንጠራም ብዙዎቻችሁ ማን እንደ ሆነች እንደምታውቁ ነገርናት፤ «ይወቁ» አለች። ሁለት ቦታ እንዲወጣ ጠየቀችን። አንዱ በወረቀታችን ያስገባነው የእርሷ መልእክት ነው፤ ሁለተኛውን ምን እንደ ነበረ አንናገርም። ሁለቱም ወጥተዋል። የእናቷ ነገር ግን ይቅር ስንላት «አይ፣ እርሱ ይቆይ» አለች።

ልንሰናበታት ስንል ከሦስታችን አንዱ፣ ያው አልስማማም ያለው ወንድማችን፣ እናቷን መጥተን መጠየቅ እንችል እንደ ሆነ ጠየቃት። ጥቂት አሰበችና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ያን ጊዜ ይነቃሉ፣ አለችን።